ሴት ውርንጭላ ተወለደችልን!

ውድ አባላት፣

እንኳን ደስ አላችሁ! ከአሜሪካዋ ኔቫዳ ግዛት የመጣችው ዳማ ባዝራ ትናንት ሊነጋጋ ሲል በሰላም ተገላገለች። ፈረስ 11 ወር ገደማ ያረግዛል፤ መቼ እንዳረገዘች ስለማናውቅ ስንት ሌሊት ጠበቅናት። ቡና ልንቀዳ ዞር ስንል ወለደች!

ትንሿ ቦቃ ናት፣ ሁለመናዋ እግር። ሦስቴ ተንገዳግዳ ወደቀች፤ በአራተኛው ቆመች። ብዙም ሳይቆይ እንገር ጠባች። የእንግዴ ልጁም በጊዜው ወጥቷል።

እናትየው በሄሊኮፕተር ተነድተው ከተያዙት የዱር ፈረሶች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ቢጠብቃቸውም፣ ግጦሹ አልበቃም ሲባል ይሰበሰባሉ። ሰው ሲጠጋት አሁንም ትበረግጋለች። ስለዚህ እባካችሁ፣ ለሁለት ሳምንት ለጉብኝት አትምጡ። ፎቶ እንልካለን። እስከዚያ ለትንሿ ስም አስቡላት።