ደብዳቤ ለልጄ፦ «ዘመድህ ነው?» ላልሽኝ

ውድ ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ? ዴንቨር ብርዱ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል።

ባለፈው ስትደውዪ ደሴ ለቅሶ ላይ ነኝ ብልሽ «ዘመድህ ነው?» አልሽኝ። ሰው በተቀመጠበት ድንኳን ውስጥ ምን ብዬ ልመልስ? «አብሮ አደጌ ነው» ብዬ ዘጋሁት። እሱ ብቻ ግን አይበቃም። አንቺ የምታውቂው በእንቁጣጣሽ ጠዋት እየደወለ «ያቺ ልጄ እንዴት ናት?» የሚለውን ልብስ ሰፊ ነው።

ቤታችንንና ቤታቸውን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነበር። እሱም ቀዳዳ ነበረው፤ የቀደድነው እኛው ነን። ከትምህርት ቤት መልስ ደብተራችንን ወርውረን ሆጤ ሜዳ ነው። ኳሳችን ካልሲ ውስጥ የተጠቀጠቀ ጨርቅ ነው። ጨርቁን የሚያመጣው እሱ ነው፤ አባቱም ልብስ ሰፊ ነበሩ። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፔናሊቲ አሸንፋ የሴካፋን ዋንጫ ስትወስድ፣ የስፖርት ጋዜጠኛው ደምሴ ዳምጤ ሲያስተላልፍ የሰማ የሰፈር ልጅ ሁሉ ፔናሊቲ መቺ ልሁን አለ። እሱ «እኔ በረኛ ልሁን» አለ። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። ሰው የሚሻማበትን ትቶ ማንም የማይፈልገውን ያነሳል።

ረመዳን ሲገባ እኔ ሳልጾም አፍጥር ላይ ቀድሜ የምቀመጥ ነበርኩ። እናቱ «አንተ ደግሞ መቼ ጾመህ ነው?» ይላሉ፤ ሳምቡሳውን ግን ለእኔ ያስቀድማሉ። በእኛ በዓል አባቱ መጥተው ለእነሱ የሚሆነውን በግ ራሳቸው ያርዳሉ። ድስቱም ለብቻ ነው። ወሎ ያደገ ሰው ይህን እንደ ወሬም አይቆጥረው። አሁን አሁን በቴሌቪዥን እንደ ተአምር ሲያወሩት ትንሽ ያስቀኛል።

እንዳትጨነቂ ብለን ያልነገርንሽ የ2014ቱን ነው። ጥቅምት ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴ ገባ። ከተማው በሙሉ ሻንጣና ልጅ ይዞ ሲወጣ አያትሽ መራመድ አትችልም ነበር። እሱ ሚስቱንና ልጆቹን በሰው መኪና ላከና ቀረ። የራሱ እናት በሕይወት አልነበሩም። የቀረው ለእኔ እናት ነው። አዝሎ ቤቱ አስገባት። ስልክ የለም፣ መብራት የለም፣ ወፍጮ የለም። ከወር በላይ ድምፃቸውን አልሰማንም። እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ቁጥሩን እሞክራለሁ፣ ያቺ ሴትዮ «የደወሉላቸው ደንበኛ» ትለኛለች።

በዚያ መሀል የነቢያት ጾም ገባ። አያትሽን ታውቂያታለሽ፣ ሰማይ ቢወድቅ ጾም አትሽርም። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ምድጃ አጠገብ ቆሞ አያውቅም። ግን ለእሷ አዲስ ድስት ለየ፤ ቅቤም ሥጋም ያልነካው። በየቀኑ ሽሮ ይሠራላታል። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ አያቀርብላትም፤ እሷ ብትደክም እንኳ እሱ ነው ሰዓቱን የሚጠብቅላት። መስመር ሲመለስ መጀመሪያ የሰማሁት ሳቁን ነው። «እናታችን ደህና ናት። ሽሮው ጨው በዛበት እያለች ስትቆጣኝ ነው የከረመችው» አለኝ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፣ እሱ ስለ ጨው ያወራል።

አያትሽ ስታርፍም አልጋዋን ከተሸከሙት ፊተኛው እሱ ነበር። መቃብሯን የቆፈሩት የቅሬው ሰዎች ናቸው። ቅሬ የዚያ አገር ዕድር ነው፤ እስላም ክርስቲያን አይልም።

እሱን የወሰደው ኩላሊት ነው። ለእኔ የነገረኝ በጣም ዘግይቶ ነው። ተናድጄበታለሁ። በሞተ ሰው ይናደዳሉ ወይ ካልሽኝ፣ አዎ፣ ይናደዳሉ።

እንደ ሥርዓታቸው በዕለቱ ተቀበረ። አልደረስኩም። የመኪናው መንገድ ስለማያስተማምን በማግስቱ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ ከዚያ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ገባሁ። ድንኳኑ ውስጥ የት ልቀመጥ ብዬ ስቆም አንድ ሽማግሌ «ና ወዲህ፣ አንተማ ሐዘንተኛ ነህ፤ ከእንግዳ ጋር ምን ታደርጋለህ?» ብለው ከወንድሞቹ መሀል አስቀመጡኝ። አንቺ የደወልሽው ያኔ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልዘዝሽ። ለሚስቱ ደውዪላት። ቁጥሯን በቴሌግራም እልክልሻለሁ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብትያትም አይከፋትም፤ «አላህ ሶብሩን ይስጥዎት» ብትያት ግን ደስ ይላታል። በእናንተ ረፋድ ላይ ይሁን፤ እዚህ ከመግሪብ በኋላ ይሆናል፣ ልጆቹም ቤት ይገባሉ። ምን እላታለሁ ብለሽ አትጨነቂ። የማን ልጅ እንደሆንሽ ብቻ ንገሪያት፣ የቀረውን እሷ ታወራለች። ወሬ ከጀመረች ቶሎ አትጨርስምና ስልክሽን ቻርጅ አድርገሽ ደውዪ።

አባትሽ