ካምፓሱ ሲዘጋ ሥልጠናችን የት ገባ?

ለሥልጠና ተቋሙ ዋና ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የብየዳ ካምፓሱ የተዘጋበትን መንገድ በተመለከተ ቅሬታ ስለማቅረብ

በበሩ ላይ የለጠፋችሁትን ማስታወቂያ አንብበነዋል። የመንግሥት ድጎማ ስለቀነሰና የሠልጣኝ ቁጥር ስላነሰ ካምፓሱ ይዘጋል፣ ሠልጣኞችም ወደ ዋናው ካምፓስ ይዛወራሉ ይላል። ስለ ወርክሾፑ ግን አንድም ቃል የለበትም። ቅሬታዬም እዚሁ ላይ ነው። ያዛወራችሁት ስማችንን እንጂ ሥልጠናችንን አይደለም።

ዋናው ካምፓስ ንጹሕ ነው፤ ክፍሎቹም ሰፋፊ ናቸው። አካውንቲንግ ለሚማር ይመቻል። ለበያጅ ግን ወንበርና ፕሮጀክተር ምን ይሠራለታል? በድሮው ወርክሾፕ እያንዳንዳችን በመጋረጃ የተከለለ መበየጃ ቦታ ነበረን። ከላዩም ጭሱን ስቦ የሚያወጣ ማራገቢያ አለ። አሁን ግቢ ውስጥ አንዲት ማሽን ከበን እንቆማለን። አሠልጣኙ ይበይዳል። ከብየዳው ብርሃን ዓይን የሚከላከል ማስክ የደረሰው ያያል፤ ያልደረሰው ፊቱን አዙሮ ድምፁን ይሰማል። ኤሌክትሮዱ፣ ማለትም እየቀለጠ ብረቱን የሚያያይዘው ዘንግ፣ ሲያልቅ ትምህርቱም ያልቃል። ከዚያ ክፍል ገብተን ስለ ብየዳ ስላይድ እናያለን።

ብየዳ በማየት አይለመድም። ጠረጴዛ ላይ የተጋደመ ብረት መበየድ ቀላሉ ነው። ብረቱ ሲቆም፣ ይባስ ብሎ ከራስ በላይ ሲሆን፣ የቀለጠው ብረት ወደ ታች መውረድ ይጀምራል። እዚያ ላይ እጅ ርቀቱንና ፍጥነቱን እስኪለምድ ድረስ ደጋግሞ ከመሥራት ሌላ መንገድ የለም። የተዘጋብን ደግሞ ልክ ከራስ በላይ መበየድ ስንጀምር ነው። ዲ1.1 የሚባለው የአሜሪካ የብየዳ ማኅበር ደንብ፣ ተፈትኖ ያለፈ በያጅ እንኳ በዚያው የብየዳ ዓይነት ከ6 ወር በላይ ሳይሠራ ከቆየ ብቃቱ ጸንቶ እንደማይቆይ ይደነግጋል። ፈተናውን ላለፈ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ ለእኛ ለጀማሪዎቹማ ምን ሊባል ነው?

«የሠልጣኝ ቁጥር አንሷል» የሚለውን ምክንያት መቀበል አልቻልኩም። ባለፈው ምዝገባ ለብየዳ አዲስ ሠልጣኝ አንቀበልም ያለው ራሱ ተቋሙ ነው። በር ዘግቶ ሰው አልመጣም ማለት አግባብ አይደለም። በዚያ ላይ የብየዳ ክፍል መቼም ቢሆን ሰው አይጨናነቅበትም። እሳት፣ ጋዝና ኤሌክትሪክ ባሉበት ቦታ አንድ አሠልጣኝ በዓይኑ ሊከታተላቸው የሚችላቸው ሰዎች ውስን ናቸው። የማሽኑ ጥገናና የአየር ማስወጫው ወጪ ግን ሰው ቢበዛም ቢያንስም ያው ነው። ስለዚህ ድጎማ በሠልጣኝ ብዛት ብቻ ከተከፋፈለ ወርክሾፕ ያለው ካምፓስ ሁልጊዜ ውድ ሆኖ ይገኛል፤ በጠመኔ ብቻ የሚሰጠው ትምህርት ሁልጊዜ ርካሽ። ይህ የቀመሩ ጉድለት እንጂ የሠልጣኞችም የአሠልጣኞችም ድክመት አይደለም።

በጀቱን የቆረጣችሁት እናንተ እንዳልሆናችሁ አውቃለሁ። ግን የጎደለው ከየት ይነሣ የሚለውን የወሰናችሁት እናንተ ናችሁ። ቅድሚያ ወርክሾፕ ይዘጋ ሲባል የሠልጣኝ ተወካዮች ለምን አልተጠየቁም?

በአሜሪካ ኮሪንቲያን ኮሌጆች የተባለው የሙያ ትምህርት ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. የቀሩትን ካምፓሶቹን በአንድ ጊዜ ሲዘጋ ወደ 16 ሺህ ተማሪዎች መሀል መንገድ ላይ ቀርተዋል። እዚያ ብድር የነበረባቸው ቢያንስ ዕዳቸው እንዲሰረዝላቸው የሚጠይቁበት ሕግ ነበራቸው። የእኛን የባከነ ጊዜ የሚመልስልን ግን የለም።

ካምፓሱ ለዘላለም ይቆይ እያልኩ አይደለም። ነባር ሠልጣኞች ጨርሰው እስኪወጡ ወርክሾፑ ይከፈትልን። ይህ ጨርሶ የማይቻል ከሆነ ማሽኖቹ ይዛወሩ፣ ይተከሉ፣ ይሞከሩ፤ ከዚያ በዋናው ካምፓስ በአግባቡ እንሠልጥን። አሁን የሆነው ተገላቢጦሽ ነው። ማሽኖቹ በተቆለፈ ቤት አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። የተረፈው ኤሌክትሮድም እርጥበት ከገባበት ለሥራ አይሆንም። በወርክሾፕ የሠራንባቸው ሰዓታትና ያለፍናቸው የተግባር ምዘናዎች ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎባቸው በእጃችን ይሰጡን። አሠልጣኞቻችን ኮንትራታቸው እየተቋረጠ እየተበተኑ ነው፤ ነገ ማን ይመሰክርልናል? ለብየዳ ሥልጠና የተመደበው የሕዝብ ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለም በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ።

ምላሻችሁን በጽሑፍ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ። የቃል ተስፋ ከሬጅስትራርም ከሥልጠና ክፍልም ሰምተናል፤ አንዱ ያለውን ሌላው አያውቀውም። ምላሽ ካላገኘሁ ይህንኑ ቅሬታ ድጎማውን ለሚለቀው መሥሪያ ቤት አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የብየዳ ሠልጣኝ

ግልባጭ፦
ለሥልጠና ክፍል
ለሠልጣኞች ተወካዮች