ደጅ ጠኚ እያለ ጌታ ወደቀ አይባልም

ይድረስ ለጋዜጣችሁ አዘጋጅ

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በባህል ዓምዳችሁ ስለ አሜሪካ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው የጨለማ ዘመን ልቦለዶችን፣ እነሱ ዲስቶፒያ የሚሏቸውን፣ እየጠቀሱ ደራሲዎቹ የልዕለ ኃያሏን ውድቀት ቀድመው እንዳዩት ይነግሩናል። አጻጻፋቸው ይጥማል። እኔ ደብረ ማርቆስ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼም አንብበውት ክፍል ውስጥ ሲከራከሩበት ሰምቻለሁ። በድምዳሜያቸው ግን አልስማማም። ከሆነ በኋላማ ማን ነቢይ ያልሆነ አለ?

ጸሐፊው ዋና ምስክር ያደረጉት አሜሪካዊቷን ደራሲ ኦክቴቪያ በትለርን ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተመችው ልቦለድ የሚጀምረው በ2024 ነው። ካሊፎርኒያን ድርቅና እሳት ይዟታል። ሰው በግንብ ታጥሮ ይኖራል። ውሃ ከቤንዚን ይወደዳል፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። በ1998 በወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ ደግሞ አሜሪካን ዳግም ታላቅ እናድርጋት የሚል ፖለቲከኛ ሥልጣን ይይዛል። ይህን ዛሬ አንብቦ የማይደነግጥ የለም። ይሁንና ያንን መፈክር ሮናልድ ሬገን በ1980ው ምርጫ ተጠቅመውበታል። የግንብ አጥሩም፣ ድርቁም፣ የግል ጥበቃውም በትለር ስትጽፍ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነበሩ። ሴትዮዋ ዓይኗ ሥር ያለውን አጥርታ አይታ ጻፈች። ትልቅ ደራሲነቷ እዚያ ላይ ነው። ትንቢት የሚባለውን እኛ ነን የጨመርንላት።

እንዲያውም የዚህን ዓይነት ልቦለድ ነቢይነት ለመፈተን አሜሪካ አትመችም። ገና አልወደቀችምና። በእኛ ዕድሜ የወደቀ ልዕለ ኃያል አንድ ብቻ ነው፤ ሶቪየት ኅብረት። እስቲ ልቦለዱ እሷን ምን አላት?

ምንም አላላትም። አርተር ሲ. ክላርክ በ1982 ባሳተመው ልቦለድ፣ በ2010 የሶቪየት መንኮራኩር ሩሲያውያንንና አሜሪካውያንን አሳፍራ ወደ ጁፒተር ትሄዳለች። ፊልሙም በ1984 ወጣ። በዚያው ዓመት ዊልያም ጊብሰን የኮምፒውተር መረብን ዓለም የሣለበትን ልቦለድ አሳተመ። ሰዎች አእምሯቸውን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኙበት ዘመን ታየው። እዚያም ውስጥ ግን ሶቪየት ኅብረት አለች። ይህ ሁሉ በታተመ በሰባትና በዘጠኝ ዓመቱ፣ ዲሴምበር 25 ቀን 1991 ማታ፣ ቀዩ ባንዲራ ከክሬምሊን ወረደ። የዓለምን ግማሽ ያንቀጠቀጠ መንግሥት ጥይት ሳይተኮስለት አለቀ።

ጆርጅ ኦርዌልማ ጭራሽ በተቃራኒው ነው የሄደው። በ1949 ያሳተመው «1984» ውስጥ ሦስቱ ልዕለ ኃያላን የማይወድቁ ናቸው፤ ሲዋጉ ይኖራሉ እንጂ ማናቸውም አይሸነፉም። አንድ ነገር ግን አልሳተም። እንግሊዝ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሌላ ትልቅ ኃይል አንድ ክፍለ ሀገር ሆናለች፣ ሰዉም የሚገበያየው በዶላር ነው። ህንድ ከእንግሊዝ እጅ ከወጣች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ይህም ቢሆን የሆነውን መጻፍ ነው።

ታዲያ የሶቪየትን ውድቀት ያየ አልነበረም? ነበረ። አንድሬይ አማልሪክ የሚባል ሩሲያዊ በ1969 ሶቪየት ኅብረት እስከ 1984 ትደርሳለች ወይ ብሎ ጻፈ። ሰውየው ነገሩን ከኦርዌል ጋር ለማያያዝ ነው ያንን ዓመት የመረጠው። በሰባት ዓመት ሳተ። ከቻይና ጋር ይመጣል ያለው ጦርነትም አልመጣም። ዋናውን ነገር ግን አገኘው። እሱ ራሱ በ1980 ስፔን ውስጥ በመኪና አደጋ ስለሞተ ሳያየው ቀረ።

ይበልጥ የሚገርመኝ ፈረንሳዊው ኢማኑኤል ቶድ ነው። በ1976፣ ገና የ25 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ሶቪየት እንደምትፈርስ መጽሐፍ ጻፈ። ምን አይቶ? ሰላይ አልነበረም። ያየው የሕፃናትን ሞት ቁጥር ነው። በ1971 ከ1,000 ሕፃናት 23 ያህሉ የመጀመሪያ ልደታቸውን ሳያከብሩ ይሞቱ ነበር፤ በ1974 ቁጥሩ 28 ገደማ ደረሰ። ሰላም ባለበት፣ በኢንዱስትሪ ባደገ አገር ይህ ቁጥር ወደ ላይ አይወጣም። ከዚያ መንግሥት ቁጥሩን ማሳተም አቆመ። ለቶድ ዝምታውም መረጃ ሆነለት። ወደ ጨረቃ የሚተኩስ መንግሥት አራስ ልጅ ማዳን ሲያቅተው ውስጡ በስብሷል ማለት ነው።

ከሳይንስ ልቦለድ ጸሐፊዎች ለዚህ የቀረበው አይዛክ አሲሞቭ ይመስለኛል። ከ1942 ጀምሮ በጻፋቸው የፋውንዴሽን ታሪኮች ውስጥ አንድ የሒሳብ ሊቅ አለ። የአንድን ሰው ዕጣ አያውቅም፤ የብዙ ሕዝብን አካሄድ ግን ቀምሮ መንግሥቱ እንደሚወድቅ ይናገራል። ወዲያው ለፍርድ ያቀርቡታል። አሲሞቭ ሐሳቡን ያገኘው ስለ ሮም ውድቀት ከተጻፈ የታሪክ መጽሐፍ ነው። ወደ ፊት ለማየት ወደ ኋላ ያነበበ ሰው ነበር።

በነገራችን ላይ እኛ ጎጃሞች ለእንዲህ ያለው የጨለማ ወሬ እንግዳ አይደለንም። ልጅ አባቱን ሲሳደብ፣ ዝናብ ያለ ወቅቱ ሲጥል፣ «ስምንተኛው ሺህ ነው!» እንላለን። ሊመጣ እንደደረሰ ነገር እንፈራዋለን። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትን ብትጠይቁ ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በሚቆጥሩት 5,500 ዓመት ላይ ዓመተ ምሕረቱን ይደምሩላችኋል። 2018ን ሲደምሩበት 7,518 ይመጣል። ስምንተኛው ሺህ ከገባ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ ዛሬም ደረሰ እያልን ነው። ቀን ያልተቆረጠለት ትንቢት መቼም አይሳሳት። ቀን የቆረጡት ግን ይጋለጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ዝነኛ ፊልም የ2019ኟን ሎስ አንጀለስ በጃፓን ጽሕፈትና ማስታወቂያ አጥለቅልቆ አሳየ። ያኔ አሜሪካን ጃፓን ትውጣታለች የሚል ፍርሃት ነበር። የቶኪዮ የአክሲዮን ገበያ በ1989 መጨረሻ 38,915 ደርሶ ተንኮታኮተ። ያንን ቁጥር ዳግም ያገኘው በ2024 ነው። ፊልሙ ያሳየን የሠሪዎቹን ፍርሃት ነው እንጂ 2019ን አይደለም።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝም ይኸው ነው። የአንድ ሥርዓት መውደቅ በልቦለድ ሲታይ ማንበብ የሚፈልግ ሰው ሎስ አንጀለስ ድረስ መሄድ የለበትም። እዚሁ ጎጃም የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ። መጽሐፉ ስለ ወደፊቱ አንዲት ቃል አይተነብይም። ታሪኩ ያለፈ ዘመን ታሪክ ነው። አብዛኛው ሰው የበዛብህንና የሰብለወንጌልን ፍቅር ነው የሚያስታውሰው። በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሰማውማ ያለቅሳል። እኔ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የማስነብባቸው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ የፊታውራሪ መሸሻንና የባላገሮቻቸውን ጠብ። ባላገሮቹ ከልማዱ በላይ አንሰጥም ይላሉ። ፊታውራሪ ሊያስገብሩ ይዘምታሉ። አበጀ በለው ባላገሩን መርቶ ይማርካቸዋል። ጌትነታቸው ያለቀው ያኔ ነው። ርስቱ አለ፣ ማዕረጉ አለ፣ ግቢው አለ። የሚገብረው ሰው ግን አልገብርም አለ።

መጽሐፉ ከወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀና የጎጃም ገበሬ አልከፍልም ብሎ ተነሳ። መንግሥት ወታደር ላከ። በመጨረሻ አገረ ገዢው ተነሥተው ውዝፉ ግብር ተማረ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ የቆዩት ስድስት ዓመት ገደማ ነው። ሐዲስ ይህን ተንብየው ነበር ልል አልፈልግም፤ በትለር ላይ ያልኩትን በእሳቸው ላይ መሻር ይሆንብኛል። ማለት የምፈልገው የት ቦታ መመልከት እንዳለበት ያውቁ ነበር ነው። የሚመለከቱት ከታች ሆኖ የሚሸከመውን ሰው ነበር። ከተማ ሲቃጠል የሚያሳዩት ልቦለዶች ይህን ሰው አያዩትም። ቢያዩትም ሲሮጥ ነው የሚያሳዩን።

እንግዲህ አሜሪካንም በዚህ ዓይን እንያት። ግብሯ ምንድን ነው? አንዱ ዶላር ነው። የዓለም ማዕከላዊ ባንኮች ከሚያስቀምጡት የውጭ ምንዛሪ የዶላር ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ 70 በመቶ ነበር፤ ዛሬ ከ60 በመቶ በታች ወርዷል። ቀስ ያለ ነገር ነው፣ ፊልም አይወጣውም። ግን እውነተኛ ነው። በሌላ በኩል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ተነስቶ ዶላሩ በጥቂት ሳምንት 100 አለፈ። የቢቸና ገበሬ ዶላር በእጁ ይዞ አያውቅም። ማዳበሪያው ግን በዶላር ነው የሚመጣው። የሚገብረው ሳያውቀው ነው።

ሁለተኛው ግብር ደጅ ጥናቱ ነው። ከተማችን ውስጥ ፊልም ፍላሽ ላይ የሚጭኑ ቤቶች አሉ። ልጆቹ ኒውዮርክ ስትጥለቀለቅ፣ ዋሽንግተን ስትቃጠል የሚያሳየውን እየመረጡ ያስጭናሉ። የዲቪ ወቅት ሲደርስ ደግሞ እዚያው ቤት በር ላይ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ግድግዳው ላይ ነጭ ጨርቅ ይወጠራል። ባለሱቁ «መነጽርሽን አውልቂ፣ ቀና በይ» እያለ ፎቶ ያነሳል። የማረጋገጫ ቁጥሩ በትንሽ ወረቀት ታትሞ ይሰጣቸዋል፤ እንደ ክታብ አጣጥፈው ኪሳቸው ይከቱታል። ማታ ቤታቸው ገብተው ልትፈርስ የተወሰነባትን አሜሪካ በስልካቸው ያያሉ። ኢንተርኔት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ እንኳ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ እየደወሉ ያስሞሉ ነበር።

አሜሪካ ራሷ በሩን ልታጠበው ትችላለች፤ ስታጠብም እያየን ነው። ያ የባለቤቱ ፈቃድ ነው። በሩን ባለቤቱ ሲዘጋው አንድ ነገር፣ ደጅ ጠኚው ራሱ ሲተወው ሌላ ነገር ነው። ፊታውራሪ መሸሻም በራቸው ላይ ቆመው የሚጠብቁትን ማባረር ይችሉ ነበር። ችግር የመጣባቸው ሰዉ በራሱ ጊዜ መምጣቱን ሲያቆም ነው።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ክቡር አዘጋጅ። የባህል ዓምዳችሁ ጸሐፊ በሚቀጥለው ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ ሲጽፉ ከልቦለዱ ጎን የአሜሪካን የሕፃናት ሞት ቁጥርም፣ የዕድሜ ጣሪያውንም፣ የዕዳውንም መጠን ያውጡልን። ዕዳው ከ30 ትሪሊዮን ዶላር ማለፉን እናውቃለን። ለማን ዕዳ እንደሆነ፣ ማን ማበደሩን እንደቀነሰ ግን በአማርኛ ተብራርቶ ያነበብኩበት ቦታ የለም። ተማሪዎቼ ፊልሙን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ የጎደላቸው ይሄኛው ነው።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ