ለመውሊድ ምንጣፉን ማጠብ ስላሰብሽው

እማዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ዓፊያሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

የሳሎኑን ምንጣፍ ለመውሊድ አጥበሽ ልታነጥፊ ማሰብሽን ሰማሁ። መጽዳት እንዳለበት አልከራከርሽም፤ የስንቱን ሐድራ ቡናና አቧራ ተሸክሟል። ግን መውሊድ ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ነው የሚውለው። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ በሚውልበት ወቅት ውሃ የጠጣ ምንጣፍ ደሴ ላይ አይደርቅም። በአንድ ቀን፣ ቢበዛ በሁለት ቀን ካልደረቀ ደግሞ ከሥሩ ይሻግታል፤ ሽታውን ማስለቀቅ ከእጥበቱ ይብሳል። ስለዚህ ለአሁኑ ማራገፍና አረፋ ይበቃዋል፤ ዋናው እጥበት ጥቅምት ላይ ሰማዩ ሲጠራ ይደርሳል።

ምንጣፍን ቶሎ የሚጨርሰው ከጸጉሩ ሥር የተቀመጠው ደቃቅ አሸዋ ነው። በተረገጠ ቁጥር ክሩን እየከረከረ ይበላዋል፤ ውሃ ካገኘው ደግሞ ጭቃ ሆኖ ይጣበቃል። ማራገፉ ሁልጊዜ ከውሃ በፊት ነው። ዝናቡ ጋብ ባለ ሰዓት የጎረቤት ልጆች አውጥተው የአጥሩ ግንብ ላይ ይስቀሉት፤ ጀርባው ወደ ውጭ ይሁንና በዘንግ ይምቱት። ጀርባው ሲመታ አሸዋው በጸጉሩ በኩል ይረግፋል። ፊቱ ከተመታ ግን ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል። አቧራ መውጣቱ እስኪያቆም ይቀጥሉ። አንቺ ከአቧራው ራቅ በይልኝ።

ቀጥሎ ምንጣፉ ከምን እንደተሠራ እወቂ። ከጠርዙ አንዲት ክር ንቀይና በወረንጦ ይዘሽ፣ ሳህን ላይ በክብሪት ለኩሻት። የተቃጠለ ጸጉር ከሸተተሽና በጣትሽ ስትፈትጊያት ከደቀቀች ሱፍ ነው። ቀልጣ እንደ ዶቃ ከደረቀች ፕላስቲክ ነው። ሱፍን በረኪና ያሟሟዋል፤ ኦሞም ያደርቀዋል፣ ቀለሙንም ያስለቅቀዋል። ፕላስቲኩ ሳሙናውን ይችላል፣ የፈላ ውሃ ግን አይወድም፤ የጀርባውም ሙጫ በሙቀት ይላቀቃል።

ለአረፋው አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ የእቃ ሳሙና ጨምሪና እንደ እንቁላል ምቺው። መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ሞክሪው፦ ውሃውን ነጭ ጨርቅ ላይ አድርገሽ ጥቂት ደቂቃ ተጫኚ። ቀለም ወደ ጨርቁ ከመጣ አቁሚ። ካልመጣ አረፋውን ብቻ በስፖንጅ እየወሰድሽ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር እያልሽ፣ ጸጉሩ በተኛበት አቅጣጫ አሺ። ክብ እየሠሩ ማሸት ጸጉሩን ያጠላልፈዋል። ወዲያው ተጨምቆ የወጣ እርጥብ ጨርቅ አስከትይ። ሳሙና በዛ ማለት ጸዳ ማለት አይደለም፤ የቀረው ሳሙና ስለሚያጣብቅ በሳምንቱ አዲስ አቧራ ይዞ ይጠቁራል።

የቡና ነጠብጣብ ከሆነ አትፈትጊው። ከዳር ወደ መሃል በነጭ ጨርቅ እየተጫንሽ ምጠጭው፣ ከዚያ አንድ ሲኒ አቼቶ ከሁለት ሲኒ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ቀላቅለሽ እንደዚያው ድገሚው። ቅቤና የወጥ ዘይት ላይ የሕፃን ፓውደር ነስንሰሽ አሳድሪው፤ ጠዋት ጠርገሽ ነው ሳሙና የሚነካው። ሱፍ ላይ የከሰል ፍንጣሪ ካረፈ የጠቆረውን ጫፍ በትንሽ መቀስ መከርከም ይበቃል። የቀለጠ ፕላስቲክ ግን አይመለስም፤ ከረከቦቱና ከከሰሉ ሥር ሌላ ነገር ማንጠፍ ነው የሚሻለው። አቼቶና በረኪና አንድ ባልዲ ውስጥ እንዳይገናኙ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ለማድረቅ ብለሽም ቤት ዘግተሽ ከሰል እንዳታነጂ፤ ጋዙ ሳይታይ ይገድላል። በርና መስኮት ከፍተሽ ቬንትሌተር ማዞር ይበቃል።

ጥቅምት ላይ ደግሞ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ይጀመር፤ ቀኑ ሙሉ ፀሐይ እንዲያገኝ። ንጹሕ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ተዳፋት ቢኖረው ይመረጣል፣ ተዘርግቶ በቀዝቃዛ ውሃ ይርጠብ። ለ10 ሊትር ባልዲ 2 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በቂ ነው። በለስላሳ ብሩሽ ጸጉሩን ተከትሎ ይታሻል፤ ከዚያ ጥርት ያለ ውሃ እስኪወርድ ይለቀለቃል። የመጨረሻው ባልዲ 2 ሲኒ አቼቶ ይግባበት፤ የሳሙናውን ቅሪት ያነሳል፣ የጀርባው የጆንያ ክር ቡናማ ቀለም እንዳይለቅም ይረዳል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ይመጣል፤ ውሃውን ማውጣት። የወለል ውሃ መግፊያ ጎማ ይዘው ጸጉሩ በተኛበት እየገፉ፣ ምንም እስከማይወርድ ድረስ ደጋግመው ይጭመቁት። ሥሩ ላይ የቀረ ውሃ ሲደርቅ ወደ ላይ ይሳባል፣ ቆሻሻውንም አብሮ ያወጣዋል። ጸድቶ የነበረው ነጠብጣብ በማግስቱ ተመልሶ የሚታየው ለዚህ ነው። ከተመለሰ ነጭ ፎጣ አልብሰሽ ከባድ ነገር ጫኚበት፤ ቆሻሻው ወደ ፎጣው ይወጣል።

በቀጭን ገመድ አይሰቀል፣ ክብደቱ ያጎብጠዋል። ግንብ ላይ ወይም ሁለት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ቀለሙን ፀሐይ እንዳይበላው ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ይዘርጋ፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ይገልበጥ። ሲመሽ ጤዛ ሳይወርድ ይግባ፣ ግን አይጠቅለል፤ ወንበሮች ላይ ተዘርግቶ ይደር። መድረቁን ለማወቅ እጅሽን ከጸጉሩ ሥር አስገቢና ጀርባውንም ዳብሺ። ከቀዘቀዘሽ ገና ነው። ጥቅምትም ቢከብድሽ ኮምቦልቻ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው፤ አክስቴ ግቢ ይታጠብ።

ላቫጆ እንዳትሰጪው። የመኪና ማጠቢያው የግፊት ውሃ የጀርባውን ሙጫ ይበጣጥሳል፣ ሥሩም ሳይደርቅ ጠቅልለው ይመልሱታል።

እርጥብ ምንጣፍ ከደረቁ ይልቅ በጣም ይከብዳል። ማንሳቱን፣ መግፋቱን፣ መገልበጡን ሁሉ ለልጆቹ ተዪው፤ አንቺ ተቀምጠሽ እዘዢያቸው። ወገብሽን አደራ። የሱፍ ምንጣፍ መሆኑን ካወቅሽ ቶሎ አስደውይልኝ፤ ለስላሳ ብሩሽና ለሱፍ የሚሆን ሳሙና ከጥቅምት በፊት እልክልሻለሁ።

ዱዓሽ አይለየኝ።

ልጅሽ