ይድረስ ለአባዬ፦ ልጄ «አንተ» ስላለችዎት

ውድ አባዬ፣ ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የላክሁት ብር ደርሶ ይሆናል። ከእህቴ ሰርግ ወጪ በፊት የእርስዎ መድኃኒት ይገዛበት።

የምጽፈው በእሁዱ ስልክ ምክንያት ነው። ልጄ «አባባ፣ በላህ? ጉልበትህን አሞሃል እንዴ?» ስትልዎት ዝም ብለው ስልኩን ለእማዬ ሰጧት። እማዬ «ደክሞት ነው» አለችኝ። እኔ ግን አውቅዎታለሁ። ቅር ብሎዎታል።

አባዬ፣ ባለጌ ልጅ አላሳደግሁም። አንቱታ የሚለመደው ከሰው አፍ ነው። እኛ «ጋሼ»ንም «እትዬ»ንም የለመድነው እርስዎ እንግዳ ሲቀበሉ፣ እማዬ ጎረቤት ስታናግር እየሰማን ነው። እዚህ ጀርመን ቤታችን ያለነው እኔ፣ ሚስቴና እሷ ብቻ ነን። ማን ማንን «እርስዎ» ይበል? ሽማግሌ በሌለበት ቤት ከየት ትስማው? ከእኛ ሌላ በአማርኛ የምታናግረው እግዚአብሔርን ነው። ማታ ማታ «አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር፣ ስምህ ይቀደስ» ትላለች። እሱንም «አንተ» ነው የምንለው። የምትወደውን ሁሉ እንደዚያ ነው የምታናግረው።

ጀርመኖች ክብር አያውቁም እንዳይሉ ደግሞ። «ዱ» እና «ዚ» አላቸው፤ እንደ እኛ አንተና እርስዎ ማለት ነው። ግን እዚህ ልጅ አባቱንም አያቱንም «ዱ» ነው የሚለው። ልጅንም ሁሉም «ዱ» ይለዋል። 16 ዓመት ገደማ ሲሆነው ግን አስተማሪዎቹ ሳይቀሩ «ዚ» ይሉታል። ትልቅ ሰው ለታናሹ ሲያደርገው ማየት ደስ ይላል።

የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ደግሞ ጠበቅ ያለ ነው። አዛውንቱ ራሳቸው ካልፈቀዱ «ዱ» ማለት ነውር ነው። ሳላንኳኳ አልገባም። «ሄር»፣ እንደ እኛ «አቶ» ማለት ነው፣ ብዬ በቤተሰብ ስማቸው እጠራቸዋለሁ። ካልሲያቸውን አጠልቅላቸውና ተንበርክኬ ጫማቸውን አስራለሁ። አንዳንድ ጠዋት ማሰሪያው እጄ ላይ እያለ፣ የእርስዎን ጫማ ማን እንደሚያስርልዎት አስባለሁ። ጎንበስ ማለት እንዳቃተዎት እማዬ ነግራኛለች። የሰው አባት ሳከብር መዋሌ ያንገበግበኛል። ሥራው አይከብድም፣ እሱን አያስቡ። የሌሊቱንም ፈረቃ ለምጄዋለሁ።

እኔንም «ሄር» ብለው በእርስዎ ስም ነው የሚጠሩኝ። ቢሮ ተቀምጬ ተራዬ ደርሶ ስሙ ሲጠራ፣ እርስዎ የመጡ ይመስለኛል።

ልጅቷን እያለማመድኳት ነው። «እንዴት ዋሉ? ጉልበትዎን ተሻለዎት?» ማለት ጀምራለች። ቢያመልጣትም ስልኩን አይንሷት። «እርስዎ በይኝ» ብለው ራስዎ ያርሟት። ከእርስዎ ከሰማችው አትረሳውም።

እህቴ «ወይዘሪት» የምትባልበት ጊዜ እያለቀ ነው። ጀርመኖች ላላገባች ሴት የሚሉትን «ፍሮይላይን» በ1972 እ.ኤ.አ. ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ወረቀት አስወጥተውታል። ብታገባም ባታገባም «ፍራው»፣ ማለትም «ወይዘሮ» ናት። ይሄ ለእህቴ ደስ የሚላት ይመስለኛል፤ እኔ ግን «ወይዘሮ» ስትባል ቆሜ ብሰማ ምን ነበር! ደግሞ ሴቶቹ እዚህ ብዙዎቹ ሲያገቡ የባል ስም ይወስዳሉ። የእኛዋ ግን እስከ መጨረሻው የእርስዎን ስም ይዛ ትሄዳለች፤ ያ ልቤን ይሞላዋል። «ወንድምጋሼ» የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። አገባሁ ብላ እንዳትተወው ይንገሩልኝ።

ሙሽራው በዕድሜ ይበልጠኛል አሉ። ስደውልለት «አንተ» ልበለው ወይስ «እርስዎ»? የሚሻለውን ይንገሩኝ፤ ከእህቴ ይልቅ የእርስዎ ቃል ይበልጥብኛል።

በሰርጉ ቀን ደግሞ እንግዳ በገባ ቁጥር ብድግ አይበሉ፣ አደራዎን። ሐኪሙ ከልክሎዎታል። ሁሉም ያውቅዎታል፤ ማንም አይቀየምዎትም። ተቀምጠው ይቀበሏቸው።

ልጅዎ