ለእህቴ፣ ምጥሽ ሳይመጣ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እህቴ ሚሚዬ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? ሆድሽስ? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ልጆቹም ደህና ናቸው፣ ትልቋ በየቀኑ የአክስቴ ሆድ ስንት ሆነ እያለች ትጠይቀኛለች።

ባለፈው በቴሌግራም የላክሽልኝን ቮይስ ሦስቴ ሰማሁት። እየሳቅሽ ነው ያወራሽው ግን ፈርተሻል፣ አውቅሻለሁ። "ሆስፒታል ገብቼ ብቻዬን ከምሰቃይ እንደ እማዬ እቤቴ ብወልድስ፣ ደግሞ እሱ ነው ተፈጥሯዊው" ያልሽው ሌሊቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ አደረ። በስልክ እንዳልመልስልሽ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ እኔም ድምፅሽን ስሰማ ቶሎ አለቅሳለሁ፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። ረጅም ነው፣ ቡና አፍሉና ከእማዬ ጋር አንብቡት፣ ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

መጀመሪያ ስለ ስራዬ ልንገራችሁ፣ እማዬ እስካሁን በደንብ የገባት አይመስለኝም። ዱላ ሆንኩ ስላት "ምን ያለ ስራ ነው ደግሞ ስሙ ዱላ" ብላ ደንግጣ ነበር። ቃሉ የግሪክ ነው፣ አገልጋይ ሴት ማለት ነው፣ ከኛ ዱላ ጋር አይገናኝም፣ እኔ ግን ለሀበሻ እናቶች ሳስረዳ ምርኩዝ በዪኝ ነው የምላቸው። ሐኪም አይደለሁም፣ አዋላጅም አይደለሁም፣ መርፌ አልወጋም፣ ማህጸን አላይም። ምጥ ከያዛት ጀምሮ ልጁ ጡት እስኪይዝ ከጎኗ አልነሳም፣ በቃ ስራዬ ይሄ ነው። ወገቧን አሻለሁ፣ ውሃ አጠጣታለሁ፣ የሚሏትን በሚገባት አማርኛ እነግራታለሁ፣ የፈለገችውን ሳታፍር እንድትጠይቅ አደፋፍራታለሁ፣ ስትፈራ እጇን ይዤ አብሬያት እተነፍሳለሁ። እማዬ ይሄን ስትሰሚ "ይሄማ እኛ ያለ ደሞዝ ስንሰራው የኖርነው ነው" እንደምትዪ አውቃለሁ፣ እውነትሽን ነው። እዚህ አገር ይሄ ነገር ጠፍቶባቸው ኋላ በጥናት ነው መልሰው ያገኙት። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ አንድ ጥናት አለ፣ ጓቲማላ ሆስፒታል ውስጥ ምጥ ላይ ላሉ ሴቶች አንዲት የማያውቋት ተራ ሴት አብራቸው እንድትሆን ብቻ አደረጉ፣ ሰው አጠገባቸው የነበሩት ምጣቸው አጠረ፣ ችግርም የገጠማቸው ጥቂቶች ነበሩ። በ2017 ደግሞ በ17 አገሮች ከ15,000 በላይ እናቶች ያሉባቸው 26 ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ያው ነው የወጣው፣ ከጎኗ ሰው ያልተለያት ሴት በምጥ የመውለድ ዕድሏ ይጨምራል፣ በኦፕራሲዮን የሚወልዱት ይቀንሳሉ። እዚህ ሜሪላንድም ከ2022 ጀምሮ ሜዲኬይድ የሚባለው ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግስት የጤና መድን ላላቸው እናቶች የኛን ክፍያ መንግስት ይሸፍናል፣ ስለዚህ ገንዘብ የሌላትም ሰው ታገኛለች።

ለምን እዚህ ስራ ውስጥ እንደገባሁ ግን ነግሬሽ አላውቅም። ትልቋን ስወልድ እዚህ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ባሌ ፓርኪንግ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነው፣ ቢቀር ያባርሩታል። ነርሶቹ ክፉ አልነበሩም፣ ይገባሉ፣ ማሽኑን ያያሉ፣ ይወጣሉ። አስተርጓሚ የሚያመጡልሽ በስልክ ነው፣ የማላውቀው ወንድ በስፒከር ማህጸንሽ ይሄን ያህል ተከፍቷል እያለ ይነግረኛል፣ እኔ አፍሬ መልስም አልሰጠው። ሲጠናብኝ ማርያም ማርያም ማለት ጀመርኩ፣ ነርሷ በዛው ሰውዬ በኩል "ማርያም ማናት፣ ዘመድሽ ከሆነች እንደውልላት" ብላ አስጠየቀችኝ። በደግነት ነው የጠየቀችኝ፣ እኔ ግን ያኔ ነው ሆዴ የባሰው። እማዬ ብትኖር አብራኝ ማርያም ማርያም ትል ነበር፣ የሰፈሩ ሴቶች ደጅ ተቀምጠው ሲለምኑልኝ ይሰማኝ ነበር። 14 ሰዓት አምጬ የልጅቷ የልብ ምት ወረደ ተብሎ በኦፕራሲዮን ተወለደች። አንድ ሰው እንኳን ማርያም ማረችሽ ያለኝ የለም፣ እማዬ በነጋታው ደውላ እስክትለኝ ድረስ የወለድኩም አልመሰለኝም። ከዛ ቀን በኋላ አንዲት የሀበሻ ሴት እንደዛ እንዳትሆን ብዬ ነው ስልጠናውን የጀመርኩት።

ስለዚህ ብቻዬን ነው የምሆነው ብለሽ መፍራትሽ ትክክል ነው፣ ማንም ሞኝ ናት አይበልሽ። ተፈጥሯዊ ወሊድንም እኔ እወደዋለሁ፣ የምደግፈውም ነው። ምጥን የሚገፋው ኦክሲቶሲን የሚባል ሰውነትሽ ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን ነው፣ የምታምኚው ሰው አጠገብሽ ሲኖር፣ ክፍሉ ሞቅ ብርሃኑ ደብዘዝ ሲል በደንብ ይሰራል፣ ስትደነግጪ ስትጨነቂ ምጡ ይጓተታል። በጀርባ ተንጋሎ መዋል ደግሞ ለምጥ አይመችም፣ ተራመጂ፣ ወገብሽን አወዛውዢ፣ ግድግዳ ተደገፊ፣ እናቶቻችን ተንበርክከው ሰው ከኋላ ደግፏቸው ሲወልዱ የነበረው ያለ ነገር አይደለም፣ ልጁ ወደታች እንዲወርድ ይረዳዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ሴትዮዋ የመረጠችው ሰው አብሯት ይሁን፣ በፈለገችው አቀማመጥ ትሁን፣ ዋናው ምጥ የሚጀምረው የማህጸን በር 5 ሴንቲ ሜትር ሲከፈት ነው፣ በየሰዓቱ የግድ አንድ ሴንቲ ሜትር ካልተከፈተች ብላችሁ አታጣድፏት ነው የሚለው። ይሄን ሁሉ ሆስፒታልም ሆነሽ ልታደርጊው ትችያለሽ እኮ ሚሚዬ።

ያ ቲክቶክ ላይ አየሁት ያልሽኝ፣ ፈረንጇ ገንዳ ውስጥ ብቻዋን ስትወልድ የሚያሳየው፣ ደስ ይላል አውቃለሁ፣ ሙዚቃውም ሻማውም። ግን የማይታየውን ልንገርሽ፣ አብዛኛው ሴት እዚህ እቤቷ የምትወልደው የሰለጠነች አዋላጅ፣ ሚድዋይፍ የሚሏትን፣ ይዛ ነው፣ ሚድዋይፏ ኦክስጅንና መድማት ማቆሚያ መድኃኒት በቦርሳዋ አላት፣ አንድ ነገር ሲሆን 911 ተደውሎ አምቡላንስ በደቂቃ በር ላይ ይደርሳል። ያለማንም ብቻዬን እወልዳለሁ የምትለዋን እናት ግን እኔም አብሬያት አልሆንም፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሁለቴ መጥቶልኝ ሁለቴም እምቢ ብያለሁ።

አሁን የምጽፈውን እማዬ ታዝንብኛለች ብዬ ፈርቻለሁ ግን መባል አለበት። አንቺ አልተወለድሽም፣ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እኛን ጓሮ አስቀምጠውን አክስታችን ውስጥ ታምጣለች። ወንድ ነው ተባለና እልልታው ጀመረ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ እቆጥራለሁ፣ ሰባት ሳይሞላ ቆመ። እንግዴ ልጁ አልወጣም፣ ደሙ አልቆመም፣ መኪና ተፈልጎ እስኪመጣ አለቀች። የተወለደው ልጅ ይኸው ዛሬ በባጃጁ ለክትትል የሚያመላልስሽ ነው። እናቴ አንቺ እጇን ይዘሽ ነበር፣ አንቺም ሴቶቹም ያጎደላችሁት ነገር የለም፣ የጎደለው መርፌውና ደሙ ነው። ልጅ እንደተወለደ ወዲያው ጭንሽ ላይ የሚወጉሽ ኦክሲቶሲን አለ፣ ያው የራስሽን ሆርሞን የሚመስል ነው፣ ማህጸን እንዲኮማተርና እንዳትደሚ ያደርጋል፣ እሱን መርፌ ተፈጥሯዊ አይደለም ብለሽ እንዳትመልሺ ሚሚዬ አደራ። እ.ኤ.አ. በ2000 አገራችን ውስጥ በሕይወት ለሚወለዱ 100,000 ሕጻናት 871 እናት ትሞት ነበር፣ በ2016 ወደ 412 ወረደ፣ አሁንም ብዙ ነው። ምጡ ቀናት ፈጅቶባቸው ሳይሞቱ የቀሩት ደግሞ ስንቶቹ ፊስቱላ ይዟቸው ሽንታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ከሰው ተደብቀው ኖረዋል። ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ከባለቤታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፍተው እነሱን ሲጠግኑ ኖሩ፣ በ2007 ደግሞ የአዋላጆች ኮሌጅ ከፈቱ፣ ጉዳቱ ሳይመጣ እዛው ገጠር እናቲቱን የምትይዝ አዋላጅ መኖር እንዳለባት ገብቷቸዋል።

እና እኔ የምልሽ ይሄ ነው፣ ሆስፒታል ውለጂ፣ ግን ብቻሽን አትግቢ። በሚቀጥለው ክትትልሽ እማዬን ይዘሻት ሂጂና አዋላጇን አሁኑኑ ጠይቂ፣ ምጥ ሲይዘኝ እናቴ ትግባልኝ በያት። ወንዶች ስላሉበት ወይም ክፍሉ ስለማይበቃ አይቻልም የሚሉ አሉ፣ ቢያንስ አንድ ሴት በመጋረጃ ውስጥ ብለሽ ለምኚ፣ ሩህሩህና አክባሪ ሁኑ ተብሎ የተነገራቸው ራሱ ጤና ጥበቃ ነው፣ ስለዚህ ስትጠይቂ አትሳቀቂ። አንዳንድ ጤና ጣቢያ እኮ ገንፎ ተገንፍቶ ቡና ተፈልቶ አራሷን እንደ ቤቷ ያስተናግዷታል። እማዬ አንቺ ደግሞ ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች እንዳትዪኝ፣ የወገቡን ነገር ታውቂበታለሽ፣ ምጡ ሲመጣ ከወገቧ ታች አጥንቱ ላይ በመዳፍሽ ጠበቅ አርገሽ ተጫኚላት፣ ሲሄድ ልቀቂያት። ሆዷን ግን ማንም አይሽ፣ ልጁን አዞራለሁ የምትል ወጌሻ ብትመጣም መልሷት። ምጡ ቀስ እያለ ሲጀምር እቤት ቆይታ ትብላ ትራመድ፣ በየአምስት ደቂቃ ሲሆን ሂዱ። ሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ደም ካየች፣ ከባድ ራስ ምታት ወይ የአይን ብዥታ ከመጣባት፣ ልጁ መንፈራገጡን ከቀነሰ ግን ምጥ ኖረም አልኖረም ያኔውኑ ነው፣ እስኪነጋ አይባልም።

ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ከተባለሽ ለምን እንደሆነ ጠይቂ፣ ምክንያቱን ይንገሩሽ፣ ከዛ አትፍሪ። እዚህ ከሦስት ወሊድ አንዱ ገደማ በኦፕራሲዮን ነው፣ ይበዛል ብዬ አምናለሁ፣ ግን የእኔን ልጅ አትርፎልኛል። በኦፕራሲዮን የወለደችም እናት ወልዳለች፣ እልል በሉላት።

የተፈጥሮ ኑሮ ስላልሽው ደግሞ፣ እዚህ ሀብታሞቹ ሱፐርማርኬት ገብተው ጤፍና ተልባ በትንሽ ፓኬት በውድ ይገዛሉ፣ አንቺ ቤት በኩንታል ነው ያለው። የእማዬ የገብስ ገንፎ፣ አጥሚቱ፣ ጎመኑ፣ ምስሩ፣ ከዛ በላይ ምንም አያስፈልግሽም። የሰጡሽን የአይረን ኪኒን ግን አትተዪ፣ ከቡናና ከሻይ አርቀሽ ዋጪው፣ አብሮ ከሆነ ሰውነትሽ አይወስደውም። ጤና አዳም ለእርጉዝ አይሆንም፣ ቡናሽ ውስጥ እንዳይገባ። ልጁ ሲወለድ ወዲያው ደረትሽ ላይ ያድርጉልሽ፣ እትብቱን ቢያንስ አንድ ደቂቃ ቆይተው ይቁረጡት፣ እንገሩን በመጀመሪያው ሰዓት አጥቢው፣ ቢጫ ነው ብለሽ እንዳታፈሺው፣ የመጀመሪያ ክትባቱ በዪው። እማዬ ቅቤ አታስውጪው፣ እኔን አስውጠሽኝ አድጌያለሁ አውቃለሁ፣ ግን ስድስት ወር ሙሉ ከጡት ሌላ ውሃም አይቅመስ፣ ማር ደግሞ ዓመት እስኪሞላው። ኩልም አይኳል፣ እትብቱ ላይም ሐኪም ካላዘዘ ምንም አይቀባ፣ ገላውን ለማጠብም አንድ ቀን ጠብቁ። እና ደብረ ብርሃን ብርዱን አውቀዋለሁ፣ አራስ ቤት ከሰል አስገብታችሁ በር እንዳትዘጉ፣ እናትና ልጅ ተኝተው ነው የሚቀሩት፣ ብርድ ልብስ ደርቡላቸው፣ ልጁም ከሷ ገላ ጋር ይሁን።

የምቀናብሽ ነገር ቢኖር አራስነትሽ ነው። እዚህ እናት በሁለተኛው ቀን እቤቷ ትገባለች፣ ባሏ በሳምንቱ ኡበር ይነዳል፣ እሷ መጋረጃ ዘግታ ብቻዋን ታለቅሳለች። ሕጉ የሚሰጣት 12 ሳምንት ያለ ደሞዝ ነው፣ እሱም ሁሉም ሰው አያገኘውም። እኔ ስራዬ ያለቀ ቢሆንም ገንፎ ገንፍቼ ይዤላቸው እሄዳለሁ፣ አንዷ ባለፈው ቂቤና በርበሬው ሲሸታት ማንኪያውን ይዛ ዝም ብላ እንባዋ ወረደ። አንቺ አርባ ቀን ሙሉ ሰው ይገባል ይወጣል፣ ይሰለችሽ ይሆናል፣ አንዳንዴ ተኚ ብለው በር ይዝጉልሽ፣ ግን አትቆጪባቸው።

በሚመጣ ሰው ትንሽ እቃ ልኬያለሁ፣ የአንቺ የሌሊት ልብስ ከፊት የሚከፈት ነው ለማጥባት፣ ነጭ ፎጣው የልጁ ነው፣ ለእማዬ የጉልበት ማሰሪያ አለ። ገንዘቡን ከወሊዱ በፊት አስገባለሁ፣ ከእሱ ላይ ለባጃጁ ነዳጅ አስቀድማችሁ ስጡት፣ ሌሊትም ቢሆን ስልኩን እንዳይዘጋ ንገሩት፣ እሱ እንደሚነቃ አውቃለሁ።

ምጥ ሲጀምርሽ እኔ ጋም ይደወል። ለናንተ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚህ ገና ፀሐይ አልጠለቀም፣ ቀስቅሰን እንዳይሆን ብላችሁ አትሳቀቁ። ማውራት አይጠበቅብሽም፣ እማዬ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ትያዝልሽ፣ እሷ ከጎንሽ እኔ ከዚህ ማርያም ማርያም እንላለን።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

እህትሽ