የጫማ ቁጥርህን ላክልኝ

ወንድሜ፣

ስድቡን በቅድሚያ ተቀብያለሁ። እንቅፋት በመታኝ ቁጥር «እሱ ነው፣ ስሜን እያነሳ ነው» እያልኩ ነው የከረምኩት። ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው አይደል? ስልኬን አንስቼ ስምህ ላይ ደርሼ የተመለስኩበትን ቀን ብቆጥርልህ አታምነኝም። መጀመሪያ አፈርኩ። ከዚያ ማፈሬን ራሱን ሰበብ አደረግኩት። ስለዚያች ሌሊት አሁን አላነሳም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ። የቀረውን ፊት ለፊት ስንገናኝ ትጨርስብኛለህ።

«ጉዳይ ሲኖረው ብቻ ነው የሚያስታውሰኝ» ልትል ነው። ልክ ነህ፣ ጉዳይ አለኝ። ጉዳዩ ዓሣ ነው። አትሳቅ።

ከተጋባን ዐሥረኛ ዓመታችን ነው። የኔዋን ለሦስት ቀን ትራውት የሚሉትን የቀዝቃዛ ወንዝ ዓሣ ማጥመድ ልወስዳት አስቤያለሁ። ጋይድ ያለው፣ ወንዙ ዳር ደህና ሎጅ ያለው ቦታ። ድንኳን የለም፣ መሬት ላይ መተኛት የለም። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ችግሩ ሐሳቡ የቆመው ውሸት ላይ ነው፤ ውሸቱን ደግሞ ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም።

ስንተዋወቅ ሰሞን ትራውት አጥማጅ ነኝ ብያታለሁ። በአንድ ጠዋት አራት ይዣለሁ ብያታለሁ። አራቱንም የያዝከው አንተ ነበርክ። እኔ በመንጠቆዬ የያዝኩት ያንተን ጆሮ ነው። ጠባሳው እስካሁን አለ?

ዐሥር ዓመት ሙሉ ይህን ታሪክ እንግዳ በመጣ ቁጥር ራሷ ታወራልኛለች። ዓሦቹም ከዓመት ዓመት እየወፈሩ ሄደዋል። አሁን ወንዝ ውስጥ ቆሜ፣ እሷ እያየችኝ፣ ዘንጉን ማወዛወዝ ሊኖርብኝ ነው። ዘንግ ተውሼ መለማመድ ጀምሬያለሁ። ርዝመቱ ዘጠኝ ጫማ፣ የገመዱ ክብደት ደረጃ አምስት ቁጥር፤ ለጀማሪ እሱ ይሻላል አሉኝ። ሰገነት ላይ ወጥቼ ነው የምለማመደው። ዘንጉ በሰዓት ፊት ላይ በ10 እና በ2 ቁጥር መሃል ብቻ ነው የሚመላለሰው፤ አንተም ያኔ ስትጮህብኝ የነበረው እሱን ነው። ወደ ኋላ ስወረውር ገመዱ ከኋላዬ እስኪዘረጋ መጠበቅ ያቅተኛል። እቸኩላለሁ። ገመዱ ይሰበሰብና አናቴ ላይ ይወርዳል። ትናንት የጎረቤትን አንሶላ ይዣለሁ። ትልቅ ነበር፣ አልለቀቅኩትም።

ዋናው ጭንቀቴ ግን እሱ አይደለም። ልንገርህ።

ባለፈው እሑድ ዕቅዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በኩራት አስረዳኋት። በቀን ስምንት ሰዓት ከጋይድ ጋር፣ ሦስት ቀን። ጎህ ሲቀድ መነሳት። ማታ ደክሞ መጥቶ መተኛት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ እስክሪብቶዬን ከእጄ ወሰደችና ወረቀቱ ጥግ ላይ ስምንትን በሦስት አባዛች። 24 ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። «ሃያ አራት ሰዓት ከጋይዱ ጋር ነን፤ ከእኔ ጋርስ መቼ ነህ?» አለችኝ። ምንም አልመለስኩም። ከዚያ ሌላም ሌላም መጣ፤ የዚህ ዓመት፣ የዛሬ ሦስት ዓመት። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚሉት ለካ ለኔ ነው። ስለ ወንዝ ልናወራ ተቀምጠን ስለ እኔ ዝምታ ስናወራ አመሸን። ቤት ውስጥም ዝም እንደምል አላውቅም ነበር። አንተ ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ዕቅዱን ቀደድኩት። አዲሱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ቀን ብቻ፣ በእግር፣ ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ፤ ጋይዱ እሷን ከሥር መሠረቱ ያስተምራታል። (እኔም በጎን እሰርቃለሁ።) በሁለተኛው ቀን ሙሉ ቀን በጀልባ። ሦስተኛው ቀን ባዶ ነው። ባዶ መሆኑን ስነግራት ነው ፊቷ የተፈታው። ለባዶ ቀን ብዬ ይህን ሁሉ መንገድ መሄዴ ይገርማል።

ጀልባው የሞተር አይደለም። ጋይዱ መሃል ተቀምጦ ይቀዝፋል፤ አንድ አጥማጅ ከፊት፣ አንድ ከኋላ ይሆናል። ከፊት ያለው ሁልጊዜ አዲሱን ውሃ ቀድሞ ያገኛል። ከፊት እሷ ትሆናለች፤ ይህን አስቀድሜ ለጋይዱ ነግሬዋለሁ። ከኋላዋ ሆኜ ስወረውር ደግሞ የጆሮዋ ነገር ያሳስበኛል። ሁለታችንም መነጽር እናደርጋለን፤ ፖላራይዝድ የሚሉት ከውሃው ላይ ነጸብራቁን ያጠፋዋል፣ ዓሣውም ይታያል፣ ዓይንንም ከመንጠቆ ያድናል። ለጆሮ ግን ምንም አልተሠራም።

ሎጁ ጋ ስደውል ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ክፍሎቹ ባለ ሁለት ነጠላ አልጋ ናቸው።» ለባልና ሚስት ነው አልኩት። «ይገጣጠማሉ» አለኝ ሰውዬው። ዓሣ አጥማጅ ጓደኛሞች እንጂ ጥንዶች አይመጡም ብለው ነው መሰለኝ የሠሩት። ሌላ ሎጅ ፈለግኩ። አሁን የያዝኩት አንድ ሰፊ አልጋ፣ የራሱ መታጠቢያ፣ የማያቋርጥ ሙቅ ውሃ አለው። ከበረንዳው ወንዙ ይሰማል። ሙቅ ውሃውን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነው የጠየቅኩት። ከቀዝቃዛ ወንዝ ወጥታ ቀዝቃዛ ሻወር ከገጠማት ዐሥራ አንደኛ ዓመት የለንም።

ወንዙ በእርግጥ ቀዝቃዛ ነው፤ ትራውት ሌላ አይወድም። ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሲሆን ነው የሚመቸው። ውሃው 20 ሲያልፍ ኦክስጅኑ ያንሰዋል፤ ያኔ ይዘህ ብትለቀው እንኳ ሊሞትብህ ይችላል። ይኸኛው ወንዝ ከግድብ በታች ነው፣ ውሃው ከግድቡ ሥር ስለሚለቀቅ በሙቀት ወራትም አይሞቅም። ቦታውን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ዓሦቹ ከድንጋይ ኋላ ተጠግተው ፊታቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ጅረቱ አዙረው ይቆማሉ፤ ምግባቸውን ውሃው ያመጣላቸዋል። እኛ ከታች፣ ከጀርባቸው እንመጣለን። ስንይዝም መልሰን መልቀቅ ነው፣ መንጠቆው ወደ ኋላ የሚይዝ እሾህ የለውም። ከመንካትህ በፊት እጅህን በውሃ ማራስ አለብህ፤ በደረቅ እጅ ከያዝከው በላዩ ያለው ዝልግልግ ሽፋን ይነሳና ለበሽታ ይጋለጣል። ይህን ሁሉ ለአንተ ማስረዳቴ! ጥንቱን የነገርከኝ አንተ ነህ። አልሰማሁህም ነበር እንጂ።

ደግሞ ለምን እንደጻፍኩልህ አልነገርኩህም። እሷ ናት የጻፈችው ብል ይሻላል።

ላስደስታት ብዬ አንድ ማታ ስለ ትራውት ታሪክ አወራሁላት። በ1864 የትራውት ዕንቁላል ከእንግሊዝ ወደ ታዝማኒያ በመርከብ ሄደ። ዕንቁላሉን በሳጥን ውስጥ ሞስ በሚሉት ለስላሳ እርጥብ ተክል ጠቅልለው በረዶ ከመሩበት። ጉዞው ሦስት ወር ያህል ፈጀ። ሐሩሩን ተሻግሮ ደረሰ፣ ከቀሩት ውስጥ ጥቂቱ ተፈለፈለ፤ ዛሬ በዚያ አካባቢ ያለው ቡናማ ትራውት ዘሩ ከዚያ ነው። በረዶ ውስጥ ሆኖ አልሞተም። እሷ ሰምታ ሰምታ ምን አለች መሰለህ? «የጓደኛህስ ነገር? እሱን ስንት ወር በረዶ ውስጥ አቆየኸው?»

ጠዋት ተነስቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ስለዚህ... ኑ። ሁለታችሁም። ሁለት ጀልባ፣ ሁለት ክፍል። ማታ እሳት ዳር እንቀመጣለን። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ ስለ አራቱ ዓሣ ከተነሳ ዝም በል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ወንዙ ላይ ደግሞ ዝንብ በሽ ነው፣ ከላባ የተሠራው የማጥመጃው ዝንብ ብቻ እንኳ ሙሉ ሳጥን ነው። ወይ ደግሞ አውጣው። እኔ እስካሁን ድፍረቱን አላገኘሁም፤ ከአንተ አፍ ቢወጣ ስቃ ታልፈው ይሆናል።

እ... ሌላም ነገር አለ። እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። ስለ ያንተዋ አንድ ነገር ሰምቼ ነበር። ከማን እንደሆነ ተወው። ሰው ብዙ ያወራል። እውነት ከሆነም ካልሆነም ከሌላ ሰው አፍ መስማት አልነበረብኝም፤ ያን ጊዜ አጠገብህ መሆን ነበረብኝ። አልጠይቅህም። ብቻህን ከሆንክ ብቻህን ና። ጀልባው ላይ ሦስተኛ ቦታ የለም፣ ግን የጀልባውን ቀን ትቼ ሦስታችንም በእግር እንሆናለን። የኔዋ ሐሳቡን ያመጣችው ራሷ ናት፤ ሳልጠይቃት።

ቀብዱን እስከ አርብ መክፈል አለብኝ። ከአርብ በኋላ ብንሰርዝ አይመለስም፤ ስለዚህ ቶሎ በል። የማጥመጃ ፈቃዱን እኔ አወጣለሁ። ዘንጉም፣ እስከ ደረት የሚደርሰው የውሃ ሱሪም ከጋይዱ ነው። ወገቡ ላይ ያለውን ቀበቶ ሳታጠብቅ ግን እንዳትገባ፤ ብትወድቅ ሱሪው ውሃ ይሞላብሃል፣ ውሃ ደግሞ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ጋይዱ ከኔ የሚፈልገው የእያንዳንዱን ሰው ቁመትና የጫማ ቁጥር ብቻ ነው።

ላክልኝ። የአንድ ሰው ከሆነ የአንድ፣ የሁለት ሰው ከሆነ የሁለት። ሌላ መጻፍ ካልፈለግክ ቁጥሩ ብቻ ይበቃኛል።

ያው የድሮው፣
ጆሮህን የያዝኩት